ራስ አሊ፤ በሃይማኖት የተከሰሱት የደብረ ታቦር ጌታ

ደብረ ታቦር የሄደ ሰው የሚያየውም የሚተረክለትም የአፄ ቴዎድሮስ ነገር ነው፡፡ ጋፋት ይወስዱታል፤ ሴባስቶፖል የተሠራበትን ስፍራ ያሳዩታል፤ ስለ መቅደላ ጉዞ ያወጉታል፡፡ ይህ ተገቢ ነው፤ ቅሬታም የለኝም፡፡ ነገር ግን ከቴዎድሮስ በፊት በዚችው ከተማ ተቀምጠው የአገሪቱን ሰፊ ክፍል በእንደራሴነት ለ22 ዓመታት ያስተዳደሩ ሰው ነበሩ፡፡ ስማቸውን በራሱ የሚያነሳ አስጎብኚ እስካሁን አላጋጠመኝም፡፡ ሲነሱም የሚነሱት በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ ነው፤ እንደ ቴዎድሮስ አማት፣ እንደ ተሸናፊ፣ እንደ ዘመነ መሳፍንት ማብቂያ፡፡ እኒህ ሰው ትንሹ ራስ አሊ ናቸው፡፡

በሕግ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው አንድ የማይለቀው ልማድ አለው፡፡ የተፈረደበት ሰው ባየ ቁጥር የክሱን ማመልከቻ ማየት ያምረዋል፡፡ የራስ አሊን ታሪክ ሳገላብጥ ያገኘሁት ዋነኛ ክስ ደግሞ የሚገርም ነው፡፡ ባላጋራዎቻቸው አጥብቀው የከሰሷቸው ገበሬ አስዘረፉ ብለው አይደለም፤ ያን ሁሉም ያደርጉት ነበር፡፡ ፍርድ አጓደሉ ብለውም አይደለም፡፡ የከሰሷቸው እስላም ናቸው ብለው ነው፡፡ ሰውየው ግን ክርስቲያን ነበሩ፡፡ ይህ ክስ እንዴት እንደተሠራ፣ እነማን እንደተጠቀሙበትና ማን ዋጋ እንደከፈለበት መመርመር ለእኛም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን የዛሬውን ጽሑፌን ለእሳቸው የሕይወት ታሪክ ሰጥቼዋለሁ፡፡

ራስ አሊ የተወለዱት በ1811 ዓ.ም. ገደማ ነው፡፡ በአባታቸው በአሉላ በኩል የየጁው ራስ ጉግሣ የልጅ ልጅ ናቸው፡፡ ይህ ቤተሰብ ወረ ሼህ ይባላል፤ አማርኛው ወረሴህ ይለዋል፡፡ በኦሮምኛ የሼኩ ቤተሰብ ማለት ሲሆን፣ የዘሩ ሐረግ ከሙስሊም አባት እንደሚነሳ ስሙ ራሱ ይናገራል፡፡ እናታቸው ወይዘሮ መነን ደግሞ የወሎው የወረ ሂማኖ ገዥ የሊበን አመዴ ልጅ ናቸው፡፡ ሙስሊም ሆነው ተወልደው በጋብቻ ምክንያት ክርስትና የተነሱ ናቸው፡፡ እንግዲህ አሊ በአባትም በእናትም ከሙስሊም ዘር ተገኝተው በክርስትና ያደጉ ልጅ ነበሩ፡፡ የወሎንና የየጁን ኑሮ ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ ከአንድ እናት ልጆች አንዱ መስጊድ ሌላው ቤተ ክርስቲያን የሚሄድበት ቤት በዚያ አገር ዛሬም አለ፡፡ ለጎንደርና ለትግራይ ካህናትና መኳንንት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም፡፡

የዘመኑን የሥልጣን አወቃቀር ባጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል፡፡ የየጁዎች ሥልጣን የተመሠረተው ከ1770ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በታላቁ ራስ አሊ ነው፡፡ ንጉሠ ነገሥቱ ጎንደር ላይ በስም ይቀመጣል፤ ሠራዊቱንና ግብሩን የያዘው ራስ ቢትወደዱ ነው፡፡ የየጁ ራሶች ዙፋኑን በራሳቸው ላይ ያልደፉት ከሰሎሞን ዘር ስላልሆኑ ነው፡፡ ስለዚህ የሚነሳና የሚወድቅ ንጉሥ ከጎንደር ቤተሰብ እየመረጡ ያነግሡ ነበር፡፡ በራስ አሊ ዘመንም ሣህለ ድንግልና ሣልሳዊ ዮሐንስ እንዲህ ሲቀያየሩ ኖረዋል፡፡ በሕግ ቋንቋ ብንናገር ሕጋዊነት አንድ ቤት፣ ጉልበት ሌላ ቤት ተለያይተው ያደሩበት ዘመን ነው፡፡ እንዲህ ባለ ጊዜ ጉልበት ያለው ሕጋዊነት እንደሌለው ማሳየት የቻለ ሁሉ ለመሸፈት በቂ ምክንያት ያገኛል፡፡ የራስ አሊ የሃይማኖት ክስ ቦታው እዚህ ላይ ነው፡፡

ደብረ ታቦርን የየጁዎች መቀመጫ በማድረግ በይበልጥ የሚታወቁት አያታቸው ራስ ጉግሣ ናቸው፤ የከተማዋ መቆርቆርም በተለምዶ ከእሳቸው ስም ጋር ይያያዛል፡፡ ቦታው በጥበብ የተመረጠ ነው፡፡ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በጉና ተራራ አጠገብ ሆኖ፣ በሰሜን በፎገራ በኩል ወደ ጎንደር፣ በደቡብ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎጃም፣ በምሥራቅ ደግሞ በጋይንት በኩል ወደ ወሎና የጁ ያስኬዳል፡፡ የየጁው ፈረሰኛ ከዘመዶቹ ሳይቆረጥ ጎንደርን መጠበቅ የሚችለው ከዚህ ነው፡፡ ራስ ጉግሣ በ1817 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጆቻቸው ይማም፣ ማርዬና ዶሪ ተከታትለው ራስ ሆኑ፤ ሦስቱም በስድስት ዓመት ውስጥ አለቁ፡፡ ራስ ማርዬ የሞቱት በየካቲት 1823 ዓ.ም. ደብረ ዓባይ ላይ ከትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋዲስ ጋር ሲዋጉ ነው፡፡ ድሉ የየጁዎች ነበር፤ ሰባጋዲስም ተማርከው ተገደሉ፡፡ ሰባጋዲስ አስቀድመው እንደ ክርስቲያን ገዥ ከእንግሊዝ ንጉሥ የጦር መሣሪያ እርዳታ የጠየቁ ሰው ናቸው፡፡ የሃይማኖቱ ክስ ከአሊ በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበር ማለት ነው፡፡

ራስ ዶሪ በዚያው ዓመት ሲሞቱ የየጁ ሹማምንት ደብረ ታቦር ላይ ተሰብስበው የመረጡት የ12 ዓመቱን ልጅ አሊን ነው፡፡ ሕፃን የመረጡት ያለ ምክንያት አይመስለኝም፡፡ ልጅ ራስ ማለት ለሁሉም ሞግዚት ድርሻ የሚተርፍ ራስ ነው፡፡ ከሞግዚቶቹ ሁሉ ኃይለኛዋ ግን እናቲቱ ሆኑ፡፡ ወይዘሮ መነን በ1832 ዓ.ም. ንጉሡን ሣልሳዊ ዮሐንስን አግብተው እቴጌ ተባሉ፤ ጎንደር ተቀምጠው ደምቢያን ገዙ፡፡ ሙስሊም ሆነው የተወለዱ ሴት በሰሎሞናውያኑ ቤተ መንግሥት እቴጌ መሆናቸው ለወዳጆቻቸው የመቻቻል ምልክት፣ ለጠላቶቻቸው ደግሞ የውርደት ምልክት ተደርጎ ታየ፡፡

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፡፡ በዚያን ጊዜ አገሪቱን ይከፋፍላት የነበረው የእስልምናና የክርስትና ጉዳይ ብቻ አልነበረም፡፡ ክርስቲያኑ ራሱ በሦስት ተከፍሎ ነበር፡፡ አንደኛው ወገን ለክርስቶስ ሁለት ልደት አለው፤ ከአብ ያለ እናት፣ ከድንግል ማርያም ያለ አባት የተወለደው ነው ይላል፡፡ ተዋሕዶ ወይም ካራ የሚባለው ይህ ነው፤ ጉልበቱም ትግራይና ላስታ ነበር፡፡ ሁለተኛው ቅባት ሲሆን የጎጃም ገዳማት ያስተምሩት ነበር፤ ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ቅባትነት የባሕርይ ልጅ ሆነ ይላል፡፡ ሦስተኛው የጸጋ ልጅ ወይም ሦስት ልደት የሚባለው ነው፤ በጎንደር፣ በደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና በሸዋ ተከታይ ነበረው፡፡ ክርክሩ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ፡፡ ግን እያንዳንዱ ወገን ጌታ ነበረው፤ እያንዳንዱም ጌታ ደብር፣ ርስትና ጉልት ነበረው፡፡ ስለ ልደት የተጣላ ሁሉ ስለ መሬትም ይጣላ ነበር፡፡

በዚህ መሐል ራስ አሊ የያዙት አቋም ምን ነበር? እንደ እኔ ንባብ አቋማቸው አቋም አለመያዝ ነው፡፡ ሙስሊም ዘመዶቻቸውን አልራቁም፤ ሹመትም አልከለከሏቸውም፡፡ የክርስቲያኑን ወገኖች ደግሞ እንደ ጊዜው አንዱን ሲያቀርቡ ሌላውን ሲያርቁ ኖሩ፡፡ ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ይፋግን የመሰለ ትልቅ ገበያ፣ በአጠገቡም ደሪጣን የመሰለ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነበር፡፡ ጨው፣ ቡናና ጨርቅ የሚያመላልሰው ይህ ነጋዴ ለራሱ የሚከፍለውን ቀረጥ ከፍሎ ይኖር ነበር፡፡ ይህን መቻቻል ብሎ ማሞገስ ይቻላል፡፡ ከእምነት የመነጨ መቻቻል ይሁን ከስንፍና የመነጨ መተው መለየት ግን ያስቸግራል፡፡ በጽሑፍ የሰፈረ መብት፣ በአዋጅ የታወቀ ጥበቃ አልነበረውምና ራሱ ሲወድቅ አብሮ የሚወድቅ ሰላም ነበር፡፡

የክሱ ዋና ከሳሽ የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው፡፡ አገሪቱ ጳጳስ አጥታ ለዓመታት ስለቆየች ውቤ ገንዘብ አውጥተው ከግብፅ አቡነ ሰላማን አስመጡ፡፡ አቡኑ በ1834 ዓ.ም. ሲገቡ ዕድሜያቸው ከ20ዎቹ መጀመሪያ አይበልጥም፡፡ ያን ጊዜ ጳጳስ በእጁ ያለው መስፍን መድፍ ከያዘው ይበልጥ ይፈራ ነበር፤ ንጉሥ የሚቀባው፣ ሕዝብ የሚያወግዘው እሱ ነውና፡፡ ውቤ ይህን ይዘው እስላሙን አሊ አውርደው የክርስቲያን መንግሥት ሊያቆሙ መነሳታቸውን አስታወቁ፡፡ ከጎጃምም ደጃዝማች ብሩ ጎሹ አብረዋቸው ተነሱ፡፡ የሚገርመው ነገር ውቤ ትግራይን ያገኙት ከማን እንደሆነ ነው፡፡ ደብረ ዓባይ ላይ ከየጁዎች ጎን ተሰልፈው ክርስቲያኑን ሰባጋዲስን በመውጋታቸው ነው የተሾሙት፡፡ ያን ጊዜ የየጁዎች እስላምነት አልታያቸውም ነበር፡፡ የታያቸው ከአሥር ዓመት በኋላ ጳጳሱ ሲመጡላቸው ነው፡፡

ጦርነቱ የተደረገው በ1834 ዓ.ም. በየካቲት መጀመሪያ ደብረ ታቦር ላይ ነው፡፡ ውቤ ብዙ ነፍጥ ነበራቸው፤ አሊ የሚተማመኑት በፈረሰኛ ነበር፡፡ ነፍጡ ፈረሱን መለሰውና የአሊ ጦር ተፈታ፤ ራሱም ከሜዳው ሸሹ፡፡ ውቤ ድል አድርገናል ብለው ግብር ሲያገቡ፣ ዘግይቶ የደረሰው የአሊ ዘመድ ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ በድንገት ሰፈሩ ላይ ወድቆ ውቤን ከነድንኳናቸው ማረካቸው፡፡ አሸናፊው እስረኛ፣ የሸሸውም አሸናፊ ሆነ፡፡ ምርኮኛውን ውቤን ራስ አሊ ምን አደረጓቸው? ካሣ አስከፍለው ወደ ግዛታቸው መለሷቸው፡፡ በዚህ የተነሳ ደማቸውን ያፈሰሱላቸው ሰዎች ክፉኛ ተቀየሙ፡፡

ስለዚህ ምሕረት ብዙ አስቤያለሁ፡፡ የዋህነት ነው የሚሉ አሉ፤ የአቡኑን ውግዘት ፍርሃት ነው የሚሉም አሉ፡፡ ለእኔ የሚታየኝ የሥርዓቱ ጉድለት ነው፡፡ በዘመነ መሳፍንት ማመፅ ወንጀል ሳይሆን የድርድር መንገድ ነበር፡፡ ሹመት የፈለገ ይሸፍታል፤ ጥቂት አገር ይዘርፋል፤ ከዚያ ይታረቅና ይሾማል፡፡ በዚህ ስሌት የማይገባው ገበሬው ብቻ ነው፡፡ ደመወዝ የሌለው ወታደር ይሰፈርበታል፤ አማፂው ሲመጣ ይዘርፈዋል፤ አማፂውን ሊያጠፋ የመጣውም ይደግመዋል፡፡ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እንደሚባለው ለማን አቤት ይላል? የራስ አሊ ጥፋት ምሕረት ማድረጋቸው አልነበረም፡፡ ምሕረቱ ሕግ ያልነበረው፣ የተዘረፈውን ገበሬ ያልጠየቀ፣ ባለ ጡንቻውን ብቻ ያየ መሆኑ ነው፡፡

ከዚህ በኋላ የነበረው የራስ አሊ ዕድሜ በሙሉ አማፂ በማሳደድ አለቀ፡፡ በአንድ በኩል ደጃዝማች ብሩ ጎሹ በጎጃም አምባዎች ላይ መሽገው አልወርድም አሉ፡፡ አምባ በመክበብ የሚገኝ ድል ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ ለከበበው ጦር ቀለብ ይፈልጋል፤ ቀለቡም የሚወጣው ከአካባቢው ገበሬ ጎተራ ነው፡፡ ራስ አሊ ጎጃም ውስጥ እንዲህ በከረሙበት ጊዜ ነው የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን መጥቶ የወዳጅነትና የንግድ ውል ያስፈረማቸው፡፡ ውሉ የተፈረመበት ቦታ ደብረ ታቦር ወይም ጎንደር ሳይሆን የጎጃሟ እናውጋ ናት፤ ጊዜውም ጥቅምት 1842 ዓ.ም. ነው፡፡ የአገሪቱ የውጭ ውል በዘመቻ ሰፈር መፈረሙ የሰውየውን ሁኔታ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፡፡ ራስ አሊ ከውሉ ብዙም የጠበቁት ነገር አልነበረም፡፡

በሌላ በኩል ደግሞ በቋራ ቆላ አንድ ወጣት ተነስቶ ነበር፤ ካሣ ኃይሉ፡፡ የደምቢያ ገዥ የነበሩት ወንድሙ ደጃዝማች ክንፉ በ1831 ዓ.ም. ሲሞቱ ግዛቱ ለእቴጌ መነን መሄዱ ካሣን ካስቆጡት ነገሮች አንዱ ነው፡፡ እናትና ልጅ በተለመደው መንገድ ሊይዙት ሞከሩ፤ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት፡፡ ያን ጊዜ አባትየው ገና 30 ዓመት ስላልሞላቸው የሙሽራዋን ዕድሜ አንባቢ ያስላው፡፡ ተዋበች ለካሣ ልጓም እንድትሆን ነበር የተሰጠችው፤ እሷ ግን እስክትሞት ድረስ ለባሏ ታማኝ ሆና ኖረች፡፡ ካሣም አላረፈም፡፡ በ1839 ዓ.ም. ራስ አሊ ከውቤ ጋር እንደገና ተጣልተው ወደ ሰሜን በዘመቱበት ወቅት ጎንደር ገባ፤ በዚያው ዓመት እቴጌ መነንን ከነባላቸው ማረካቸው፡፡ ራስ አሊ እናታቸውን ለማስለቀቅ ከጣና በስተሰሜንና ምዕራብ ያለውን አገር ለካሣ ለቀቁ፡፡ አመፅ ሹመት እንደሚያስገኝ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልነበረም፡፡

መጨረሻው ፈጥኖ መጣ፡፡ በ1845 ዓ.ም. ራስ አሊ ካሣን እንዲያጠፉላቸው የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን ላኩ፤ ጎሹ በኅዳር ወር ጉር አምባ ላይ ተሸንፈው ሞቱ፡፡ በሚያዝያ ደግሞ ሌላ ጦር ጎርጎራ አካባቢ ታቁሳ ላይ ገጠመው፡፡ በዚህ ጦር ውስጥ ከብሩ አሊጋዝ ሰዎች ጎን የተሰለፉት እነማን ነበሩ? የደጃዝማች ውቤ ወታደሮች! አሊን እስላም ናቸው ብለው ከሰው የወጉት ውቤ፣ አሁን ካሣ ስላስፈራቸው ለዚያው ለእስላሙ ጦር አዋጡ፡፡ ክሱ ተረሳ፡፡ እንዲህ ያለውን ክስ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ዳኛ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይዘጋው ነበር፤ ከሳሹ ራሱ አላመነበትምና፡፡ ታቁሳም ላይ ድሉ የካሣ ሆነ፡፡ ሰኔ 23 ቀን 1845 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ አይሻል ላይ ራሱ አሊ ተሰልፈው በከባድ ውጊያ ተሸነፉ፡፡ ያን ጊዜ 34 ዓመት ቢሆናቸው ነው፡፡ ወደ ዘመዶቻቸው ወደ የጁ ሸሽተው ከሥልጣን ርቀው ኖሩ፤ ተመልሰውም ደብረ ታቦርን አልገዙም፡፡

ታሪካቸው እዚህ ያበቃል፤ ክሱ ግን አላበቃም፡፡ ካሣ በነሐሴ 1846 ዓ.ም. አምባ ጫራ ላይ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማምቶ ተዋሕዶ ብቻ የአገሪቱ እምነት እንዲሆን አዋጅ አስነገረ፤ የካቲት 1847 ዓ.ም. ላይም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፡፡ አሊ ያልወሰኑትን እሳቸው በአንድ ቀን ወሰኑት፡፡ ወዲያው ወደ ወሎ ዘመቱ፤ በመስከረም 1848 ዓ.ም. መቅደላን ያዙ፡፡ ግን ወሎ አንድ ጊዜ ተይዞ የሚቀር አገር አልሆነም፡፡ ንጉሡ በሄዱበት ይገብራል፤ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ይነሳል፡፡ እጅና እግር ማስቆረጥ፣ መንደር ማቃጠል፣ የባላባት ልጅ በመያዣ ማስቀመጥ ሁሉ ተሞከረ፡፡ በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ ባመለጡ ጊዜ የወሎዋ እመቤት የወርቂት ልጅ አመዴ በመያዣነት እዚያው ነበር፤ ንጉሡ በቁጣ ከነጓደኞቹ አስገደሉት፡፡ ልጇ የተገደለባት እናት ከዚያ ወዲያ የምትፈራው ምን ነገር አላት? ነገሩ ከወሎም አልፎ በጌምድር ደረሰ፡፡ የቴዎድሮስ የገዛ መቀመጫ የሆነው የደብረ ታቦር ዙሪያ ገበሬ በመጨረሻ ሸፈተባቸው፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያም ከተማዋን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተጓዙ፡፡

ከእሳቸው በኋላ አፄ ዮሐንስም ደብረ ታቦርን ከመቀመጫዎቻቸው አንዷ አደረጓት፡፡ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው የሦስት ልደትን ትምህርት አስወገዙ፤ ሙስሊሞችም በተወሰነ ዓመት ውስጥ ክርስትና እንዲነሱ ታወጀ፡፡ ከራስ አሊ እናት ወገን የሆኑት የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ክርስትና አባት ሆኑላቸው፡፡ ያልተጠመቀው ሼህና ደረሳ ግን ተሰደደ፤ እንደ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ያሉት ደግሞ ጦር አነሱ፡፡ ወሎ ውስጥ ሌላ ዙር አመፅና ሌላ ዙር ቅጣት መጣ፡፡ ይህ ሁሉ ሲሆን ከምዕራብ ድርቡሾች ጎንደርን በ1880 ዓ.ም. አቃጠሉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ፡፡ የውጭ ጠላት በር ላይ ቆሞ ሳለ የአገር ውስጡ ዜጋ በእምነቱ ምክንያት ጠላት ተደርጎ ነበር፡፡

እኔ ራስ አሊን ላነግሣቸው አልተነሳሁም፡፡ ደካማ ገዥ ነበሩ፤ በእሳቸው ዘመን የተዘረፈው ገበሬ ስለ መቻቻላቸው ቢነገረው ምንም አይመስለውም፡፡ ቴዎድሮስና ዮሐንስም አገር አንድ ለማድረግ የደከሙ፣ ለዚያም የሞቱ ናቸው፤ ይህን የሚክድ አይኖርም፡፡ የምለው ሌላ ነው፡፡ በራስ አሊ ዘመን የእምነት ልዩነት በቸልታ ተተወ፤ ማንም እያነሳ የሥልጣን መሣሪያ አደረገው፡፡ ከእሳቸው በኋላ በአዋጅ ሊፈታ ተሞከረ፤ አዋጁ ራሱ አማፂ ወለደ፡፡ በሁለቱም መንገድ የጠፋው ሰው ሊከራከርበት የሚችል ሕግ ነው፡፡ ገዥው ማንም ይሁን ማን፣ አማኙ ሄዶ ይህ መብቴ ነው የሚልበት ቦታ አልነበረም፡፡

ያ ቦታ በወረቀት ላይ የተገኘው ብዙ ቆይቶ ነው፡፡ የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ነበር፡፡ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው አደባባይ ሲወጡ ብዙ ክርስቲያኖች አብረዋቸው ወጥተዋል፡፡ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ይለያል፤ በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ያረጋግጣል፡፡ የተጻፈው መልካም ነው፡፡ ሆኖም በ2011 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ብዙ በማይርቀው እስቴ መስጊዶች ተቃጥለዋል፡፡ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ ተደገመ፡፡ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ ቀብር ላይ የነበሩ ሙስሊሞች ተገደሉ፤ ወዲያውም ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ገባ፤ ደቡብ ጎንደርም አልቀረላትም፡፡

እንዲህ ባለ ጊዜ የድሮው ክስ በቀላሉ ከመቃብሩ ይነሳል፡፡ መሣሪያ የያዘም ሆነ ሥልጣን የያዘ ሰው የባላጋራውን እምነትና የዘር ሐረግ መቁጠር ሲጀምር ደጃዝማች ውቤን አስታውሳለሁ፡፡ በ1834 እስላም ብለው የወጓቸውን ሰው በ1845 ወታደር አዋጡላቸው፤ በመካከል ያለቀው ሰው ግን አልተመለሰም፡፡ ስለዚህ ደብረ ታቦር ያላችሁ የታሪክ መምህራንና አስጎብኚዎች አንድ ነገር ልለምናችሁ፡፡ ወደ ጋፋት የሚሄደውን እንግዳ መንገድ ላይ ጥቂት አቁሙትና ስለ ትንሹ ራስ አሊም ንገሩት፡፡ አሞግሷቸው አልልም፡፡ ምን ተብለው እንደተከሰሱና ከሳሾቻቸው እነማን እንደነበሩ ብቻ ንገሩት፤ ፍርዱን ራሱ ይስጥ፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡